ጀርባዬን ሳላሳይ የወጣሁበት ቀን

በእኛ ከተማ ሴት ልጅ «አልፈልግህም» ማለቷ ነውር ነው። ነውር ብቻ ሳይሆን አስፈላጊም አይደለም። አባቶቻችን ይህ ቃል ከሴት ልጅ አፍ እንዳይወጣ ብዙ አስበው፣ በቃሉ ፈንታ የሚናገር ዕቃ አበጅተውልናል። ዕቃው ድሪ ነው፤ የወንዱ ቤተሰብ በሴቲቱ አንገት ላይ የሚያጠልቀው ከባድ የወርቅ ሰንሰለት። ድሪው አንገቷ ላይ ካረፈ ታጭታለች። ሰውየውን ካልፈለገችው አፏን መክፈት አይጠበቅባትም፤ ድሪውን ወርቅ ቤት ወስዳ ትሸጠዋለች፣ ዋጋውንም ሽማግሌዎች ለወንዱ ቤት ይመልሱላታል። ድሪውን ራሱን መመለስ ስድብ ነው። ዋጋውን መመለስ ግን ጨዋነት ነው፤ ገንዘብ ማንንም አያስቀይምም ይባላል።

እኔ እቴነሽ እባላለሁ። ከሩቅ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ የተመለስኩት አምና ነው። ድምፄ ትንሽ ነው። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ልጠይቅ እጄን ሳወጣ መምህሩ በሩንና መስኮቱን ያዘጋ ነበር። የማንያዘዋል እናት ወይዘሮ አልጋነሽ ቤታችን የመጡ ቀንም እንደ ወጉ ጎንበስ ብዬ እጅ ስነሳ፣ ቀና ሳልል ድሪውን አጠለቁልኝ። ቀና ስል ታጭቻለሁ።

ማንያዘዋል ክፉ ሰው አይደለም። የእነሱ ቤት ሥራ ጥላ ማከራየት ነው። መሃል ከተማ ያሉት ትልልቅ ዋርካዎች የአያቱ ስለነበሩ ጥላቸው ሥር መቀመጥ የፈለገ ሁሉ ለእነሱ ይከፍላል፤ ፀሐይ በዞረች ቁጥር ማንያዘዋል ተከራዮቹን ከጥላው ጋር ያዛውራል። ትዕግሥተኛ ነው። እንደማልፈልገው እዚያው ዋርካ ሥር ተቀምጬ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

«ማንያዘዋል፣ እኔ አንተን ማግባት አልፈልግም።»

«እሱስ ነው» ይላል ራሱን ነቅነቅ አድርጎ። «ትንሽ ፈቀቅ በይ፣ ፀሐይ እየመታሽ ነው።»

ሠርጉ ዝናቡ እንዳቆመ እንዲሆን ተቆረጠ። እኔም ንግግሩን ለድሪው ለመተው ወሰንኩና ወርቅ ቤት ሄድኩ።

የከተማችን ወርቅ ቤት አንድ በር፣ አንድ ሚዛንና አንድ ሽማግሌ አለው። ሽማግሌው ጋሼ ድልነሳው ናቸው፤ ከሟቹ አባቴ ጋር አብረው ያደጉ። እዚያ ቤት የሚሸጥም የሚያስይዝም ወርቁን የሚያስመዝነው በአንድ ሚዛን ነው፤ የሚቀበለው ገንዘብም እኩል ነው። ድሮ «ሸጠሃል»፣ «የለም፣ ያስያዝኩት ነው» የሚል ጠብ ስለበዛ፣ አንድ ብልህ አስተዳዳሪ «አፍ ይዋሻል፣ ጀርባ ግን አይዋሽም» ብሎ ደነገገ። ከዚያ ወዲህ ለወርቁ ጀርባውን ሰጥቶ የወጣ ሰው ሸጧል። ፊቱን ወደ ወርቁ አድርጎ የወጣ ደግሞ ልቡ አልቆረጠምና አስይዟል፤ ወርቁ አሁንም የእሱ ነው። ይህን የሚያረጋግጥ ጀርባ ተመልካች የሚባል ሹም በሩ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ደመወዝ አለው፤ ወንበሩም ትራስ አለው።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ልጅ ሆነን ጨዋታ አድርገን እንጫወተው ነበር።

ጋሼ ድልነሳው ድሪውን መዝነው፣ ገንዘቡን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«አባትሽ ቢኖር ምን ይል ነበር?» አሉኝ።

«እንጃ፣ ጋሼ።»

«እሱም እንጃ ነበር የሚለው። በይ እግዜር ይከተልሽ።»

የአባቴ እኩያ እግዜር ይከተልሽ ሲለኝ ጀርባዬን ሰጥቼው መውጣት እናቴ ቤት ያልተማርኩት ነገር ነው። እጅ ነሳሁ። ጎንበስ እንዳልኩ፣ ፊቴን ወደ እሳቸው አድርጌ፣ ወደ ኋላ እየተራመድኩ ወጣሁ። ተረከዜ የበሩን መድረክ ሲመታው ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ጋሼ ድልነሳው የቆሙት ከሚዛኑ ኋላ ነበር። ድሪው ሚዛኑ ላይ ነበር።

«ተይዟል» አለ ጀርባ ተመልካቹ።

«ልሸጠው ነበር የፈለግሁት» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ልሸጠው ነበር።»

«እሱን አፍሽ ነው የሚለው። ጀርባሽ ግን ብቅ አላለም።»

«እጅ እየነሳሁ እኮ ነው። ጋሼን አክብሬ።»

«ማክበርሽ ጥሩ ነው» አለ፤ ከልቡ ነው ያለው። «እንዳንቺ ያለ ጨዋ ልጅ አሁን አሁን አይገኝም።»

ተመልሼ ገብቼ ጀርባዬን ሰጥቼ ልውጣ ብዬ ጠየቅሁት። ሰው ከአንድ በር አንድ ጊዜ ነው የሚወጣው፣ የተያዘ ወርቅም ቀኑ ሳይሞላ አይለቀቅም አለኝ። ወደ ውስጥ ባይ ጋሼ ድልነሳው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሕጉን የጣሱት እሳቸው ባይሆኑም ያፈሩት እሳቸው ነበሩ።

ወሬው እኔ ቤት ሳልደርስ ደረሰ። ወይዘሮ አልጋነሽ ከእኔ ቀድመው እናቴን አቅፈው እልል ሲሉ አገኘኋቸው።

«ጨከነች ብለን ነበር» አሉ። «እሷ ግን ዓይኗን ከድሪው ላይ መንቀል አቅቷት፣ የኋሊት እየሄደች መውጣቷ ነው! እንዲህ ያለ ፍቅር እኔ አይቼም አላውቅ።»

እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። በእኛ ከተማ ወለል ማየት እሺ ማለት ነው።

እንግዳዋ ሲወጡ እናቴ «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ።

«እጅ ነሳሁ።»

«እንዲያው በሞቴ፣ ዛሬ ባትነሺስ?»

«አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ።»

«አስተማርኩሽ እንጂ ዕድሜሽን በሙሉ አድርጊው መች አልኩሽ?» አለችና ተቀምጣ ራስዋን ያዘች። ከዚያ «ጸጸት ቤት ሂጂ» አለች።

ከተማችን ከምትኮራባቸው ነገሮች ዋናው ጸጸት ቤት ነው። በሩ ላይ «ጸጸት መብት ነው» የሚል በትልቁ ተጽፏል። ገበያ ወጥቶ የሸጠ፣ የገዛ፣ ያስያዘ ሰው ሁሉ ከተጸጸተ እስከሚቀጥለው ገበያ ድረስ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ከሌላ አገር የሚመጡ እንግዶች ይህን ቤት ሳይጎበኙ አይሄዱም።

በማግስቱ ስደርስ ከፊቴ አንድ ሰውዬ ነበር። የገዛሁት አውራ ዶሮ አይጮህም ብሎ ደረቱን እየደቃ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ንግግሩን ሳይጨርስ ገንዘቡ ተመለሰለት። ሲወጣ ዶሮ ሻጩ ከኋላው እየሮጠ «ኧረ እኔ ለዚህ ሰው ዶሮ ሸጬ አላውቅም» ይላል። ማንም አልሰማውም፤ ሲናገር እንባ አልነበረውም።

የጸጸት ሹሙ እንደ እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ወጣት ነው። ብድግ ብሎ ተቀበለኝ።

«እህቴ፣ ተቀመጪ። ምን ጸጸተሽ?»

«ድሪዬን ልሸጥ ሄጄ በስህተት አስያዝኩት። ውሉ ይፍረስልኝና እንደገና ልሽጠው።»

ጆሮውን አስጠጋ። ደገምኩለት። ፊቴን አየ፣ እጆቼን አየ፣ ከዚያ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«ተረጋግተሻል።»

«አልተረጋጋሁም።»

«እህቴ፣ በጣም ነው የተረጋጋሽው። አረፍተ ነገርሽ ራሱ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። የተጸጸተ ሰው እንዲህ አይናገርም።»

«ሕጉ ግን ማልቀስ አለባት ይላል?»

«ሕጉ መጸጸት አለባት ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ልብሽን ከፍቼ ማየት አልችልም። ማንም እየተነሳ በቀዝቃዛ ድምፅ ተሳስቻለሁ ቢል እኮ ገበያ ይፈርሳል። እስቲ ሞክሪ። ትንሽ።»

ሞከርኩ። ዓይኔን ጨፈንኩና አሳዛኝ ነገር ለማሰብ ታገልኩ። የሚያሳዝን ነገር አላጣሁም፤ ዋርካው ሥር ከጥላ ጋር እየተዛወርኩ ሳረጅ ታየኝ። እንባው ግን ወደ ውስጥ ነው የሄደው። እኔ ዘንድ ሁሉም ነገር ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው። ዓይኔን ስገልጥ ሹሙ ውኃ ይዞልኝ ቆሟል።

«በእውነት አዝናለሁ» አለኝ። እሱም ተረጋግቶ ነበር።

ከጸጸት ቤቱ ደጅ፣ አጥሩን ተደግፈው፣ አልቃሾች ይቀመጣሉ። ድሮ ሥራቸው ለቅሶ ቤት ሙሾ ማውረድ ነበር። ኋላ ሰው እንደ ድሮው አልሞት ሲል ወደዚህ ተዛወሩ፤ ራሱ ማልቀስ ለማይሆንለት ያለቅሳሉ። ስወጣ ከመካከላቸው አንዷ ጠራችኝ። ዘርትሁን ነበረች። ዕድሜዋ የእናቴን ያህላል፤ ባል ኖሯት አያውቅም፤ በከተማው ለሞተ ሁሉ አልቅሳለች፣ ለአባቴም ጭምር።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ። እንዲህ ደርቀሽ ገብተሽ ምን ልታመጪ ነው? ለምንድነው የምትጸጸቺው? ለድሪው ነው ለሰውየው?»

«ለጀርባዬ ነው፣ እትዬ ዘርትሁን።»

ታሪኩን ነገርኳት። አልሳቀችም። ለሥራ እንደሚዘጋጅ ሰው አንገቷን ወደ ቀኝ ወደ ግራ አዟዟረች።

«ለጀርባ አልቅሼ አላውቅም» አለች። «ግን ይወጣዋል። ስንት ትከፍያለሽ የሚለውን በኋላ። አሁን ከጎኔ ቁሚና ዝም በይ። ዝም ማለቱን ትችያለሽ።»

ተያይዘን ገባን። ዘርትሁን ነጠላዋን አደግድጋ፣ ሹሙ ፊት ቆማ፣ አንድ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ከዚያ ደረቷን እየመታች ጀመረች፦

«እጅ ነስታ ወጣች፣ እጅ እግሯ ታሰረ፤
ወግ አጥባቂ ሆኖ ማን ተጠቅሞ አደረ።
ሽማግሌ አክብራ ጀርባዋን ብትሸሽግ፣
አሰሩባት ድሪዋን እንደ ጠፋች በግ።»

ዘበኛው ቆቡን አወለቀ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። የዶሮው ሰውዬ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ተመልሶ ገብቶ፣ ሌላ ዶሮም ገዝቻለሁ እያለ ያለቅስ ጀመር። ዘርትሁን ግን ዓይኗ ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ስለ እኔ ጀምራ ወደ ሌላ ሩቅ ቦታ የሄደች መሰለኝ። «ለማን ብዬ ነበር፣ ለማን ብዬ» እያለች ስትደጋግም፣ ይሄ ከእኔ ጉዳይ ውስጥ የለም ብዬ አሰብኩ። ሹሙ እንባው እየወረደ ማኅተሙን መታ።

«እንዲህ ያለ ጸጸት እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ አላየሁም» አለ። «ውሉ ፈርሷል።»

ወረቀቱን የሰጠው ለዘርትሁን ነው። ስላለቀሰች ቀድሞ እንዲደርሳት ብሎ መሰለኝ።

ወርቅ ቤት ስንደርስ ገንዘቡን ለጋሼ ድልነሳው መለስኩ። ድሪውን ይዘው መጡ። እጄን ዘረጋሁ። ጀርባ ተመልካቹ ወረቀቱን አየና «ለእሷ አይደለም» አለ።

«ድሪው የማን ሆኖ ነው?» አሉ ጋሼ ድልነሳው።

«ሕጉ ዕቃው ለተጸጸተው ይመለሳል ነው የሚለው። የተጸጸተችው ዘርትሁን ናት። ይቺ ልጅማ ተረጋግታ እንደነበረ እዚሁ ተጽፏል።»

ጋሼ ድልነሳው በሕግ አይከራከሩም። ድሪ ደግሞ በእጅ አይሰጥም። ስለዚህ ዘርትሁን አንገት ላይ አጠለቁት።

ዘርትሁን ሰንሰለቱን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ሌላው እጇ ነጠላዋን አስተካከለ። ያ ሁሉ ድምፅ የወጣበት ጉሮሮ ወርቅ ነክቶት አያውቅም ነበር።

«ይቀዘቅዛል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ልጄ፣ ይሄ የኔ አይደለም። አውልቄ ላጥልቅልሽ?»

እንደ ደንቡ አንድ ጎንበስ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ጎንበስ ብል ድሪው ይመለሳል፤ ከድሪው ጋር ዋርካው፣ ከዋርካው ጋር ማንያዘዋል። እንደገና ለመሸጥ እንደገና እዚህ በር ላይ መቆም ነበረብኝ፤ ራሴን ደግሞ አውቀዋለሁ።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አይ፣ እትዬ ዘርትሁን። እርስዎ ላይ ያምራል።»

«ምን እንደምትዪ ታውቂያለሽ? ድሪው ያለበት አንገት የታጨ አንገት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ልጁ ግን እንዴት ነው?»

«ክፉ አይደለም። ጮክ ብለው ይንገሩት እንጂ ይሰማል።»

«ድምፅስ አላጣም» አለች ዘርትሁን።

በዚያ ቀን ማንያዘዋል ሌላ ሴት አጨ፤ እሱ ራሱ የሰማው ግን ማታ ነው። ወይዘሮ አልጋነሽ በማግስቱ ጸጸት ቤት ገቡ። ሹሙ በአክብሮት ተቀብሎ፣ መብቱ ገበያ ወጥቶ ለተዋዋለ ብቻ መሆኑን አስረዳቸው። ከፍለው በአልቃሾች ሊያስለቅሱ ሞከሩ፤ አልቃሾቹ በሙያ ባልደረባችን ላይ አናለቅስም ብለው እምቢ አሉ። በመጨረሻ ራሳቸው ዘርትሁን ዘንድ ሄደው ለመኗት።

«ትንሽ እንኳን አትጸጸቺም?» አሏት።

«እትዬ አልጋነሽ፣ ለሰው ስጸጸት ነው ያረጀሁት። ለራሴ የሚሆን አልተረፈኝም።»

ማንያዘዋልን ማንም አልጠየቀውም። እሱም አልተናገረም።

የገበያ ቀን ደረሰ። በእኛ ከተማ የሆነ ነገር ሆኗል የሚባለው ለፋፊው ገበያ መሃል ቆሞ ሲለፍፈው ነው። ለፋፊው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ማንያዘዋል እቴነሽን ትቷታል! ዘርትሁንን አጭቷል! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አለ።

ከቀትር በፊት ሴቶቹ ድስት ድስታቸውን ተሸክመው ቤታችንን ሞሉት። የተተወች ልጅ ያለችበት ቤት እሳት ማንደድ ነውር ስለሆነ ጎረቤት አብስሎ ያመጣል። እየመጡ ጉንጬን ይስማሉ፤ «አይዞሽ፣ ያልፋል»፣ «ወንድ ምን ታምኚዋለሽ» ይሉኛል። አንዷማ «እኔስ የኋሊት እየሄድሽ ከወርቅ ቤት ስትወጪ አይቼ አንጀቴን ነው የበላሽው» አለችኝ።

እናቴ በጆሮዬ «ተያቸው» አለችኝ። «የፈለግሽው ሆነልሽ አይደል? በማን ስም ሆነ ምን ያደርግልሻል?»

አንድ ሰሃን ሽሮ በላሁ። ጥሩ ሽሮ ነበር። ሁለተኛ ሰሃን ሲያቀርቡልኝ ግን ገፋ አደረግሁት። ከአሁን በኋላ ዕድሜዬን በሙሉ ላልተደረገብኝ ነገር እንደሚያጽናኑኝ ገባኝ። ያደረግሁትን ደግሞ ማንም አያውቀውም። እጄን ታጥቤ ተነሳሁና ወደ ገበያው ሄድኩ። ሴቶቹም ልጅቷ ራሷን ልትጎዳ ነው ብለው ድስቶቻቸውን እንደያዙ ተከተሉኝ።

ለፋፊው ከማንያዘዋል ዋርካ ሥር ተቀምጦ ያርፍ ነበር። ዘርትሁን ድሪውን አድርጋ ከግንዱ አጠገብ ቆማለች። «አንተ ባለ ኮፍያው! ጥላው ሄዷል፣ አንተስ?» ስትል ተከራዮቹ እየዘለሉ ይነሳሉ። ማንያዘዋል ከጎኗ ተቀምጧል፤ ሥራ ስለሌለው እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው የጠፋው ይመስላል።

ለፋፊው ፊት ቆምኩ።

«ያወጅከው ስህተት ነው» አልኩት።

«ምን?»

«እሱ አልተወኝም። እኔ ነኝ የተውኩት።»

በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ ትልቁ ድምፅ ነበር። ከዋርካው ቅርንጫፍ አንዲት ወፍ ተነሳች፤ ምናልባት ለራሷ ጉዳይ ይሆናል።

ለፋፊው አሰበ። «ልጄ፣ የወጣ አዋጅ በባዶ አይመለስም። ስትተዪው የሰማ ምስክር አለሽ?»

አልነበረኝም። ስናገር የነበርነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዷ «ምስኪን፣ ክፉኛ ነው የነካት» አለች።

«እኔ አለሁ» አለ ማንያዘዋል።

ከተቀመጠበት ተነሳ። ከጥላው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ቆመ፤ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

«ደጋግማ ነግራኛለች። እዚችው ቦታ።»

«ሰምተሃታል?» አለ ለፋፊው።

«አንድም ቃል ሳይቀረኝ።»

«እና ለምን ዝም አልክ?»

ማንያዘዋል ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መሬቱ እያየ መለሰ። «በቀስታ ነበር የምትናገረው። በቀስታ የተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ሊቆጠር የሚችል መስሎኝ ነው።»

ዘርትሁን አንድ ጊዜ አየችው። «ከእኔ ጋር እሱን እርሳው» አለች።

ለፋፊው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ተነስቶ ነጠላውን አስተካከለና በገበያው ላይ ጮኸ፦ «እቴነሽ ማንያዘዋልን ትታዋለች! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ሴቶቹ ድስቶቻቸውን እንደያዙ ከእኔ ዘወር አሉና ማንያዘዋልን ከበቡት። የታጨ መሆኑ አልከለከላቸውም፤ እጮኛውም አጠገቡ መቆሟ አልከለከላቸውም። ጉንጩን እየሳሙ «አይዞህ፣ ያልፋል» ይሉት ጀመር። ሽሮውን ገና እንደሞቀ ነበር ያደረሱለት።